አንቺ ስትመረቂ

«አባዬ፣ ሕክምና አልገባም» የሚለው ቃል ኢክላስ ከንፈር ላይ ደርሶ ሳለ፣ ከአባቷ ክር ሱቅ ማዶ ካለው ሱቅ የጋቢ ክምር ተንዶ መተላለፊያው ላይ ተበተነ። ከጋቢዎቹ ጋር ባለሱቁ ጋሼ ዘመድኩን ወደቁ።

ቃሉን ከቤት ጀምራ ስታጠናው ነበር የመጣችው። ማትሪክ አራት ነጥብ ካመጣች ወዲህ አባቷ አብደላ ሸማ ተራ ውስጥ ያልነገረው ሰው የለም። ክር ሊገዛ የመጣ ሸማኔ ሁሉ፣ ዋጋ ሳይጠይቅ «ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው» ይባላል። ጎረቤቶቹም የመድኃኒት ብልቃጥ እያመጡ ያስነብቧት ጀምረዋል። ዩኒቨርሲቲ የምትማረውን የምትመርጠው ደግሞ ነገ ነው።

«ዶክተሯን ጥሯት» አለ አንድ ሰው።

ኢክላስ ዘወር ብላ ሌላ ሰው ፈለገች። የሚጠሩት እሷን ነበር።

የበዓል ገበያተኛው ለሁለት ተከፍሎ አሳለፋት። ጋሼ ዘመድኩን በጀርባቸው ተንጋለዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ግንባራቸውን ላብ አጥምቆታል፤ ቀኝ እጃቸው ደረታቸው ላይ ሸሚዛቸውን ጨምድዶ ይዟል። ተንበርክካ የኮሌታቸውን ቁልፍ ፈታች።

«አየር ይግባላቸው፤ እባካችሁ ወደ ኋላ በሉ።»

ሰዉ እሺ ብሎ ወደ ኋላ አለ። መታዘዙ ይበልጥ አስፈራት። ከዚህ በኋላ ምን እንደሚደረግ አታውቅም። ልብን ከነክፍሎቹ ዓይኗን ጨፍና መሳል ትችላለች፤ የምታውቀው ግን ያንኑ ነው።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ነው የሚያምዎት?»

«እዚሁ ነው። ሰንብቷል እኮ።»

«ሐኪም አላዩም?»

የመለሱላት ከጎን ነጠላ የሚሸጡት እትዬ ውባንቺ ናቸው። «ከፋሲካ ጀምሮ ሂድ ስለው አይሰማኝም። ‹ኢክላስ ስትመረቅ ታየኛለች፤ ባዳ ሐኪም ምኔን ያውቃል› ይለኛል። እኔ ቀልዱን መስሎኝ።»

ጋሼ ዘመድኩን ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ትምህርቱ ረጅም ነው?» አሏት።

ቅርብ ነው ልትላቸው ፈለገች። ዓይናቸው ዓይኗ ላይ ስለነበር አልቻለችም። «ረጅም ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያ በርቺ።»

መኪና እዚያ ድረስ አይገባም። በሽር የሚባለው ጥለት ነጋዴና ሌሎች ወንዶች ጋሼ ዘመድኩን የተኙበትን ጋቢ ጫፍና ጫፉን ይዘው አነሷቸውና ላዳ ታክሲ ፍለጋ ወደ አስፋልቱ ተጣደፉ። ኢክላስ እጃቸውን ይዛ አብራቸው ሮጠች። መታጠፊያው ላይ ሰው በመሃል ገባ፤ እጃቸው ከእጇ አመለጠ።

ስትመለስ አብደላ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።

«አየሽ?» አላት። «እጅሽ አልተንቀጠቀጠም።»

«ምንም አላደረግኩም፣ አባዬ። ቁልፍ ነው የፈታሁት።»

«የሚጀመረው እንደዚያ ነው።»

ብዙ ሳይቆይ በሽር ተመለሰ። ጋቢው ታጥፎ ብብቱ ሥር ነበር። ማንም ምንም ሳይጠይቀው ከማዶው ሱቅ ባንኮኒ ላይ አኖረው። «ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያንን ሳናልፍ አረፉ» አለ። እትዬ ውባንቺ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙና ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ።

አብደላ የክር ጥቅል ላይ ተቀመጠ። እሱና ጋሼ ዘመድኩን ፀጉራቸው ሳይሸብት ጀምሮ ፊት ለፊት የነገዱ ናቸው፤ አንዱ ጁምዓ ሲሄድ ሌላው ሱቁን ይጠብቅለት ነበር። ኢክላስ አባቷን አየችው። እንዲህ ሆኖ ሌላ ነገር መጨመር ጭካኔ መሰላት። ዝም ማለቱ ግን ከዚያ የከፋ ነው።

«አባዬ፣ እኔ ሕክምና አልገባም።»

ቀና ብሎ አያት። «ያየሽው ነገር አስደንግጦሽ ነው። ያልፋል።»

«አይደለም። ጠዋት የመጣሁት ይህንኑ ልነግርህ ነው። ሒሳብ ነው የምማረው። ማስተማር እፈልጋለሁ።»

«አስተማሪ» አለ፣ ቃሉን እንደሚመዝን ሁሉ። «ይህን ነጥብ ይዘሽ?»

«ይህን ነጥብ ይዤ።»

«ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ፣ ኢክላስ።»

«አውቃለሁ። ‹እንዳትጠብቋት› ብለህ ንገርልኝ። እኔን ብሎ ሕመሙን ችሎ የተቀመጠ ሰው ካለ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይሂድ።»

ይቆጣል ብላ ጠበቀች። አንዳንዴ ሲከፋው እንደሚያደርገው ፊቱን አዙሮ ክር መደርደር ይጀምራል ብላም ጠበቀች። አብደላ ግን ጎንበስ አለና የግራ ጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። ጫማውን አወለቀ። ካልሲው ተጣብቆ አልወርድ አለው፤ ጥርሱን ነክሶ ላጠው። ከሥሩ ቅዳጅ ጨርቅ አለ። ጨርቁን ሲያነሳው ከውስጥ እግሩ ላይ ዙሪያው የጠቆረ ጥልቅ ቁስል ታየ፤ ሽታው ከአዲሱ ክር ሽታ ጋር ተቀላቀለ።

«አንቺ ስትመረቂ ላሳይሽ ነበር» አለ።

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አልጠየቀችውም። ከመደርደሪያው ንጹሕ ጨርቅ አውጥታ ቁስሉን ሸፈነችው፤ ጫማውን ሳታስር እግሩ ላይ አጠለቀችለት። ሱቁን ለበሽር አደራ ሰጥተው ወደ ሐኪም ቤት ተነሡ።

ሰዉ አሁንም ይጋፋል። ገበያ ሲወጡ ሁልጊዜ ከፊት እየሄደ መንገድ የሚከፍትላት እሱ ነበር። አሁን ከፊት እሷ ሆነች፤ አብደላ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ። መጀመሪያ እጁ ቀላል ነበር። ጥቂት እንደሄዱ ግን ክብደቱን ሁሉ ለቀቀባት።