ስልሳ ዲግሪ ወደ ቀኝ

የሒሳብ መምህሩ ዳበሳ ሁለት የፈተና ወረቀቶች ጎን ለጎን ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጉ። አንዱ የሽመክት፣ አንዱ የዓፊያ ነው። ሁለቱም የሳይኑን ግራፍ ስልሳ ዲግሪ ወደ ቀኝ ገፍተውታል። ትክክሉ ሠላሳ ነበር፤ x በሁለት ስለተባዛ ስልሳውም ለሁለት መካፈል ነበረበት።

ስህተቱ አንድ ዓይነት ነው። ልጆቹም የሚቀመጡት አንድ ዴስክ ላይ ነው።

ሽመክት የክፍሉ አንደኛ ነው። ይህ ትምህርት ሲሰጥ ለለቅሶ ድባጤ ሄዶ ነበር፤ ጎበዝ ነውና ማንም አልሰጋለትም። ዓፊያ ግን ጎበዝም ሰነፍም የማትባል ተማሪ ናት። በዚህ ክፍል ደግሞ አንደኛው ሲሳሳት ደክሞት ነው፤ ሌላው ሲሳሳት ሌባ ነው።

«ዓፊያ፣ ኮርጀሻል። ዜሮ ነው የምሰጥሽ» አሉ መምህሩ በክፍሉ ፊት።

ዜሮ ካገኘች ክፍል ትደግማለች። ከደገመች ደግሞ ትምህርቱ ቀርቶ አሶሳ ገበያ፣ አጎቷ ሱቅ ውስጥ እንደምትቆም ተነግሯታል።

«አልኮረጅኩም ቲቸር። ወላሂ፣ ስህተቱ የራሴ ነው።»

«ዓይን አውጣ! በስህተት ይኮራል እንዴ?»

«የሰው ነው ከሚሉኝ ይሻላል። ጠመኔውን ይስጡኝ።»

ሽመክት አቀርቅሮ ነበር።

መምህሩ ሌላ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፉ። አሁን x በሦስት ተባዝቷል፣ ዘጠና ዲግሪ ተቀንሶበታል። ዓፊያ ሞገዱን በትክክል አጠበበችው። ከዚያ ዘጠናውን ሳታካፍል፣ እንዳለ ወደ ቀኝ ገፋችው። ክፍሉ ሳቀ።

«አየሽ? አትችይም» አሉ መምህሩ።

«አልችልም! መቼ እችላለሁ አልኩ? የኔ ነው አልኩ እንጂ። አሁን እሱ ይሥራ።»

ሽመክት ቀስ ብሎ ተነሣ። የእሷን አጥፍቶ አዲስ ሣለ። ዘጠናውን ለሦስት አካፍሎ ግራፉን ሠላሳ ዲግሪ ብቻ ገፋው። ክፍሉ አጨበጨበ።

«ይኸው!» አሉ መምህር ዳበሳ ደስ ብሏቸው። «የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው።»

ዓፊያ ከሰሌዳው ንቅንቅ አላለችም።

«ሽመክት፣ ይሄን ካወቅክ ወረቀትህ ላይ ያለው ስልሳ የማን ነው?»

ጭብጨባው ቆመ። መምህሩም ወደ እሱ ዞሩ።

«ያኔ አላውቀውም ነበር፤ የሷ ነው» አለ ሽመክት።