ወንፈል

ዓለምሰገድና ጎረቤቱ ኤርሳዶ የቦሌ ግቢያቸውን ሣር በወንፈል ነበር የሚያርሙት፤ አንድ እሑድ የአንዱን፣ በሚቀጥለው የሌላውን። በኋላ ዓለምሰገድ ቀበሌ ሄዶ «ፀረ-አብዮት ነው» ብሎ ጠቆመበት። አረንጓዴ ላንድሮቨር መጥታ ኤርሳዶን ወሰደችው፤ እንደወጣ ቀረ።

ዛሬ ዓለምሰገድን ኅሊናው አላስቀምጥ አለው። ወደ ኤርሳዶ ግቢ ተሻግሮ አረሙን ከነሥሩ ነቀለ፤ ፍግ በተነ፤ ውሃ አጠጣ።

የኤርሳዶ ሚስት ስመኝ ከበረንዳው ሆና፣ «ጌታ ይባርክህ ወንድሜ» አለችው። «እሱ ቢኖር ወንፈልህን ሳይመልስ አያድርም ነበር።»

ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ብቻውን ነው የሚኖረው፤ የግቢውንም በር ቆልፎ ነበር የሄደው። ከፍቶ ሲገባ የራሱ ሣር ታርሟል። ፍግ ተበትኖበታል፤ የፈሰሰበት ውሃ እንኳ ገና አልሰረገም።

ከኋላው የሞተር ድምፅ ሰምቶ ዞረ። ያቺው አረንጓዴ ላንድሮቨር ደጁ ላይ ቆማለች።