የሐሙስ ምድጃ

አሮጊቷ ኔስታ የፈላውን ውሃ ከኤሌክትሪኩ ማንቆርቆሪያ ወደ ትልቁ የብረት ማንቆርቆሪያ ገለበጡና የብረቱን ምድጃው ላይ መልሰው ጣዱት። እንፋሎቱ ሲወጣ ላየው ሰው እዚያው የፈላ ይመስላል። የኤሌክትሪኩን ማንቆርቆሪያ ገመዱን ጠቅልለው ከዱቄቱ ዕቃ ጀርባ ሸሸጉት። ያኔ የታችኛው የግቢ በር ሲጢጥ ሲል ሰሙ። ልጃቸው ሎወሪ መኪናዋን እያስገባች ነው።

ምድጃው እንደ ሌላው ሰው ምድጃ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጭንቀት ባልመጣ። ይሄ ግን ቁም ሣጥን የሚያህል ብረት ነው። ሆዱ ውስጥ ያለችው ትንሽ የነዳጅ እሳት ሌት ተቀን ብረቱን ታሞቃለች፣ ብረቱ ደግሞ ድስቱን፣ የታጠበውን ልብስና የቤቱን ሰው ያሞቃል። አንዴ ከቀዘቀዘ አንድ ሙሉ ቀን ካልለመኑት አይመለስም። እንቁላል እንኳ ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል፤ ይሄ ከእንቁላልም የባሰ ነው። ሎወሪ «ዛሬ ብቅ እላለሁ» ብላ የደወለችው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ኔስታም ስልኩን እንደዘጉ ለኮሱት። አሁን አራት ሰዓት ሆኗል፣ ብረቱ ግን ገና ድንጋይ ነው።

የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ከነካ ወዲህ ኔስታ ዘዴ ነበራቸው። ሎወሪ የምትመጣው እሑድ እሑድ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ማለዳ ይለኩሱታል፣ እሑድ ከምሳ በኋላ ልጅቷ ስትሄድ ያጠፉታል። የቀረውን ቀን መኝታ ቤታቸው ውስጥ፣ አንዲት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አጠገብ ካፖርታቸውን ለብሰው ይገፉታል። አምና በብርድ ታመው ሆስፒታል ከርመው ሲወጡ፣ ልጃቸው ቃል አስገብታቸው ነበር። ቤቱን ሁለተኛ ቀዝቅዞ ካገኘችው ይሸጣል፣ እሳቸውም ካርዲፍ ከተማ ከእሷ ጋር ፎቅ ላይ ይገባሉ። ኔስታ ከዚህ ተራራ ወርደው ፎቅ ላይ ከመጦር ሞት ይሻለኛል ባይ ናቸው። ማን ሐሙስ ትመጣለች ብሎ ጠረጠረ?

ሎወሪ በረዶውን ከትከሻዋ እያራገፈች ገባች። በዚያ ቤት ሰላምታ ሁለተኛ ነው፤ የገባ ሁሉ መጀመሪያ ጀርባውን አዙሮ ከምድጃው ፊት ያለውን ረጅም የብረት ዘንግ ይደገፋል። ሟቹ አባቷም፣ ሐኪሙም፣ ቄሱም እንዲሁ ነበሩ። ኔስታ ግን ቀደሟት። ዘንጉን ተደግፈው፣ እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው እንደ በረኛ ቆሙ።

«ቦታዬን ቀማሽኝ» አለች ሎወሪ።

«ወገቤን ትንሽ አሞኝ ነው። ሙቀቱ ያሽለኛል።»

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የኔስታ ውሸት ግን እየቆየ ይከብድ ጀመር፤ የብረቱ ቅዝቃዜ ሹራባቸውን አልፎ ወገባቸውን ስለያዘው አሁን የምር አመማቸው። ሎወሪ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ስለ መንገዱ በረዶ፣ ስለ ጎረቤት በጎች፣ ስለ ባሏ ጉልበት አወራች። ኔስታ ሁሉንም በእሺታ እያሳጠሩ መለሱ፤ ቶሎ በሄደችልኝ እያሉ ነበር።

«ማክሰኞ ገበያ ላይ ጌቲንን አገኘሁት» አለች ሎወሪ። ጌቲን በቦቴ ነዳጅ የሚያከፋፍለው ሰውዬ ነው። «እናትሽ ከመስከረም ወዲህ አላዘዙኝም፣ ሌላ ሰው ያዙ ወይ? አለኝ።»

ኔስታ ግን ዓይናቸውን በጨው አጠቡ። «ጌቲን ወሬ መሸጥ ከጀመረ ቆየ። ይኸውልሽ፣ ምድጃው እንደ እሳት ነው።»

ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ነጭ ጉም ይዞ ወጣ። ማንቆርቆሪያውን አስበዋል፣ ገመዱን አስበዋል፣ ዘንጉን አስበዋል፤ የገዛ ትንፋሻቸውን ግን አላሰቡም። ሎወሪ ምድጃውን አላየችም። የምታየው የእናቷን አፍ ነበር። ኔስታ ጉሙን ራሳቸውም አዩትና ከንፈራቸውን ገጠሙ።

ሎወሪ ተነሥታ አጠገባቸው ቆመች። እጃቸውን ከዘንጉ ላይ አንሥታ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ቤቴን አትሽጪብኝ» አሉ ኔስታ።

«እማ፣ አንቺ አምስት ቀን እየበረደሽ፣ እሑድ እሑድ ለእኔ ብለሽ ነው ብረት የምታሞቂው?»

ሎወሪ ያን ቃል ያስገባቻቸው እሷው መሆኗ ትዝ ሲላት አፈረች፤ ቀና ብላ እናቷን ማየት ተሳናት።

«ቤቱ ይቆይ» አለች በመጨረሻ። «ይሄ ምድጃ ግን ይጥፋ፣ ለዘለቄታው። የምታበስይበት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃና ለዚህ ክፍል ማሞቂያ አመጣለሁ። ከተስማማሽ ራስሽ አጥፊው።»

ኔስታ ሙሽራ ሆነው ሲገቡ ምድጃው ሞቆ ነበር የጠበቃቸው። በውርጭ የደረቁ ስንት ግልገሎች ለብ ባለው በታችኛው መጋገሪያው ውስጥ ተኝተው ነፍስ ዘርተዋል። ሎወሪ ራሷ ያለ ወሯ ተወልዳ፣ በጫማ ካርቶን ተደርጋ እሱ አጠገብ ነው የተረፈችው። ይህን ሁሉ ሊነግሯት ፈለጉ፤ ግን ታውቀዋለች።

ዘንጉን ይዘው ቀስ ብለው ተንበረከኩ። የምድጃውን ትንሽ በር ከፍተው የነዳጁን መዝጊያ እስከ መጨረሻው አዞሩት። እሳቷ አንዴ ተንፈስ አለችና ጠፋች።

ሎወሪ ልታነሣቸው እጇን ዘረጋች። ኔስታ ግን ትከሻቸው የምድጃውን ጎን ነክቷል፣ ብረቱም ለብ ማለት ጀምሯል።

«ትንሽ ቆዪልኝ» አሉ፣ ትከሻቸውን ሳያነሡ።