የተረጋጋ ፊት

ፓስወርድ ከቀረ ወዲህ የሥራ አካውንት የሚከፈተው ፊትን በማሳየት ነው፤ ያውም የተረጋጋ ፊት። ያዘነ ሠራተኛ ይሳሳታል ባይ ናቸው አለቆቹ።

ሶልያና አባቷን በቀበረች ማግስት ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ሳለ የመሥሪያ ቤቷ የአይቲ ባለሙያ ናሆም ደወለላት።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ሶል። ዛሬ ፊትሽን ስልክሽ ላይ ካላስመዘገብሽ ግን ሥራውን እንደለቀቅሽ ይቆጠራል።»

ዓይኗን ጠርጋ ስልኩን ፊቷ ላይ ደገነች። «ፊትዎ አልተረጋጋም» የሚል ጽሑፍ መጣ። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው።

«ትንሽ ፈገግ በይ፤ ላንድ አፍታ ነው» አላት ናሆም።

በዚህ መሃል የአባቷ ባልንጀራ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያሉ ገቡ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተነሣ። ሶልያናም ተነሥታ አብራቸው አለቀሰች፤ ስልኩን ግን አልዘጋችውም።

ለቅሶው ጋብ ሲል፣ «ናሆም፣ እኔ በአባቴ ለቅሶ ላይ ፈገግ አልልም። ከፈለጉ ያባርሩኝ» አለችው።

«እኔ እናቴ የሞተች ዕለት ፈገግ ብዬ ነው አካውንቴን የከፈትኩት» አላት ናሆም።

«እንግዲያው ስልኩን ዝጋና ና» አለችው። «ቦታ አለ። ለእናትህም እዚሁ እናለቅሳለን።»