የግሩም ሦስተኛ ጥያቄ

«የተከበሩ አፈ ጉባዔ፣ ለተሰጠኝ ዕድል አመሰግናለሁ» ይላል ግሩም ከቴሌቪዥኑ ውስጥ፣ ከረባቱን እያስተካከለ። ከረባት ማሰር ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

«ባባ፣ እሱ ነው?» ትለኛለች ልጄ ዮሳቤጥ። ከፊቴ ምንጣፉ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች።

«እሱ ነው።»

ከሃያ ዓመት በፊት እዚያ አዳራሽ ውስጥ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ፤ ግሩም ፋይሌን ተሸክሞ ይከተለኝ ነበር። እኔ ሚኒስትሮቹን ስጠይቅ፣ ስጠይቅ ቆየሁና በመተማ በኩል ወጣሁ። እሱ ቀረ፣ ተወዳደረ፣ ተመረጠ። አሁን እኔ ካርቱም፣ ጀብራ ሰፈር ውስጥ የሰው ውሃ ፓምፕ እጠግናለሁ፣ እሱ «የተከበሩ» ይባላል። ባጎረስኩ እጄ ተነከስኩ እንዳልል ልጁ ምንም አላደረገኝም። እንዲሁ ቀናሁበት፤ ምን ላድርግ?

ጎረቤቴ ስለሺ የሚሠራባትን ባጃጅ፣ ራክሻውን፣ በር ላይ አቁሞ አብሮን ሊያይ ገብቷል። «ወላሂ ወንድ ነው!» ይላል ጭኑን እየመታ። «አነጋገሩን አየህ ጋሽ ጥላዬ? አንተም እንዲህ ነበርክ?»

«እኔ እጄን አላወናጭፍም ነበር» እለዋለሁ። ስለሺ ይስቃል። ሰው «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ ይጸልያል፤ ግሩም ጸልዮ ከሆነ ጸሎቱ ካርቱም ድረስ ደርሷል።

ዮሳቤጥ አትስቅም። ኪጋሊ የሚገኝ የነርሶች ትምህርት ቤት ነጻ ቦታ ሰጥቷታል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ፓስፖርት ካላሳየች ቦታው ለሌላ ያልፋል። እሷ ደግሞ እዚህ ተወልዳ እዚህ ያደገች፣ ፓስፖርት አይታ የማታውቅ ልጅ ናት። ኤምባሲው ውስጥ ጉዳያችንን የያዙት ሰውዬ «በስደት ለወጣ ሰው ልጅ ስጡ የሚል ቃል ከላይ ይምጣልኝ እንጂ በዚያው ቀን እሰጣችኋለሁ» ብለውናል። ያ ቃል ከአንድ ሰው አፍ ነው የሚወጣው፤ ዛሬ ምክር ቤት ፊት ከቀረቡት ሚኒስትር።

ግሩም ይህን ያውቃል። ባለፈው ሐሙስ ደውሎልኝ ነበር። «ጋሼ፣ የልጆቹን ነገር ላነሳው ነው። እርስዎ ቤቱን ያውቁታል፤ እንዴት ብጠይቅ ይሻላል?»

አውቀዋለሁ። አባላቱ ሁሉ ጠይቀው ሲጨርሱ ነው ሚኒስትሩ በአንድነት የሚመልሱት። ሦስት ነገር የጠየቀ ሰው ሚኒስትሩን ምርጫ ሰጣቸው ማለት ነው፤ ቀላል ቀላሉን ይመልሱና ከባዱን ያልፉታል። አንድ ብቻ የጠየቀን ግን የሚያልፉበት መንገድ የላቸውም። ይህን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ለግሩም በሁለት ደቂቃ ልነግረው እችል ነበር።

«እንደ ልብህ ጠይቅ» አልኩት። «ምንም እንዳታስቀር።»

ምንም አላስቀረም። በውጭ የሚኖረው ዜጋ ቁጥር ስንት እንደሆነ ይጠይቃል። አንድ። መመለስ ለሚፈልጉት ምን እንደታሰበ ይጠይቃል። ሁለት። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «በስደት የተወለዱ ልጆች ፓስፖርት ይሰጣቸዋል ወይስ አይሰጣቸውም?» ይላል። ሦስት። አዳራሹ ያጉረመርማል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ከእኔ ዘመን ጥያቄዎች ሁሉ ይበልጣል፤ አንጀቴን ያሳረረኝም እሱ ነው።

«ያላ፣ እኔ ሥራ ልሂድ» ይላል ስለሺ እየተነሳ። «መልሱን ትነግሩኛላችሁ፣ ኢንሻአላህ።»

መልሱ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ያልፋል። የሞላነው ከህረባ፣ መብራቱ፣ እንዳያልቅ ዮሳቤጥ ማራገቢያውን አጥፍታዋለች፣ ለቴሌቪዥኑ እንኳ ቢበቃ ብላ ነው። በላብ ተጠምቀን እንጠብቃለን። በመጨረሻ ሚኒስትሩ መነጽራቸውን ያደርጋሉ።

«የተከበሩ አቶ ግሩም ላነሷቸው ጥያቄዎች» ብለው ይጀምራሉ። የዜጋውን ቁጥር ያነባሉ። ስለ ተመላሾች የተቋቋመ ኮሚቴ መኖሩን ይናገራሉ፤ ኮሚቴው በርካታ ንዑሳን ኮሚቴዎች አሉት። ከዚያ ወረቀቱን ይገለብጣሉ። «ቀሪው ሌሎች የተከበሩ አባላት ካነሱት ጋር ተቀራራቢ በመሆኑ፣ በዚያው እንደተመለሰ ይያዝልኝ።»

ካሜራው ወደ ግሩም ይዞራል። እጁን አውጥቷል። አፈ ጉባዔው አያዩትም፤ ሌላ ስም ይጠራሉ። እጁ አየር ላይ ይቆይና ቀስ ብሎ ይወርዳል። ያንን እጅ አውቀዋለሁ፤ ስንት ቀን እንደዚያ አውጥቼ እንደዚያ አውርጄዋለሁ። ደስ ይለኛል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ጥርሴ እስኪታይ ደስ ይለኛል።

«ባባ!»

ዮሳቤጥ ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ ሰጥታ እኔን ታያለች። ትምህርቷ በዓረብኛ ነው፤ የቤታችንን አማርኛ እንጂ የምክር ቤቱን አማርኛ አትሰማም። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ የሰማችው ከፊቴ ነው።

«ሳቅክ! እሺ አለ? ጀዋዙን፣ ፓስፖርቱን ይሰጣል አለ?»

አፌን ልገጥም እሞክራለሁ። ከመግጠሜ በፊት ዘላ አንገቴ ላይ ትጠመጠማለች፤ ላቧ ፊቴን ያረጥበዋል። ወዲያው ስልኳን አንስታ አርካዊት ሰፈር ፀጉር ቤት ለምትሠራው እናቷ ትደውላለች።

«ማማ፣ ከላስ፣ አለቀ! እሺ ብሏል! ወላሂ፣ ባባ ራሱ ሰምቶ ሳቀ!»

ሚስቴ ዘርፈሽ ስትጮህ ይሰማኛል። ከዚያ ፀጉር የሚሠሩትም የሚሠራላቸውም ሴቶች፣ አበሻውም ሱዳኑም፣ እልል ይላሉ። ዮሳቤጥ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች ስልኩን ጆሮዬ ላይ ትለጥፈዋለች።

«ከአንተ ልስማ ትላለች ባባ። ንገራት።»