ስድስት

ጡረታ የወጣችው የሒሳብ አስተማሪ የባሏን የደም ምርመራ ውጤት ስታይ ደነገጠች። የምግብ ቧንቧው ካንሰር በቀዶ ጥገና ከመውጣቱ በፊት ቁጥሩ አርባ አንድ ነበር፤ ዛሬ ስድስት ይላል። ዕድሜዋን ሙሉ ፈተና ስታርም የኖረች ሴት ስድስት ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋትም። ወረቀቱን አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ባሏ እንዳያየው መዳፏን ጫነችበት።

«ደስ አላላችሁም እንዴ?» አለ ሐኪሙ። «ይሄ እኮ ካንሰሩ ደም ውስጥ የሚተወው ምልክት መጠን ነው። ባነሰ ቁጥር ይሻላል።»

ግራ ገባት። መዳፏን አነሳች፤ መልሳ ጫነች። «እና ዳነ ማለት ነው?»

«ተስፋ ሰጪ ነው። ዋስትና ግን አይደለም።»

«ዶክተር፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይገባኝም። አለፈ ወይስ ወደቀ?»

«ከሦስት ወር በኋላ ደግመን እንለካዋለን።»

«ድጋሚ ተፈተን እያለኝ ነው፣ ቲቸር» አለ ባሏ በሰለለ ድምፁ። «በአንቺ እጅ ቢሆን ገና ድሮ ወድቄ ነበር።»

እውነቱን ነው። በማስተማር ዘመኗ እናቱን ይዞ የመጣ ተማሪን እንኳ ድጋሚ ፈትና አታውቅም። መሳቅ ይሁን ማልቀስ የሚገባት ሳይለይላት ወደ ሐኪሙ ጠጋ አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ቀኑን ይጻፉልኝ» አለች። «እኔው ራሴ ይዤው እመጣለሁ።»