የኔታ የመረጡት ፎቅ

ይህን ያጫወተችኝ ነፊሳ ናት። ሱቋ ፊቱ ወደ መንገዱ ስለሆነ ያላየችው ነገር የለም፤ ያላየችውን ደግሞ እኔ አይቼላታለሁ።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ በሚወጣው መንገድ ዳር ያለው ሰፈር ሊፈርስ ነው ተባለ። ክፉ ወሬ አልነበረም። የጭቃው ቤት ፈርሶ እዚያው ባለ ሦስት ፎቅ ይሠራል። ነዋሪው የትም አይሄድም፤ በየወሩ አቅሙ የቻለውን እየከፈለ ቤቱን የራሱ ያደርጋል። ድንጋይ የሚጠርበውም፣ ብሎኬት የሚያመርተውም የሰፈሩ ልጅ ነው። ምድር ላይ ያሉት ቤቶች በመንገዱ በኩል ሰፊ በር ስላላቸው፣ ሙያ ያለው ሰው እዚያው እየኖረ እዚያው ይሠራል። ሰዉ እነዚህን ታች ቤት፣ ፎቁን ላይ ቤት ማለት ጀመረ።

እንግዲህ ታች ቤት የማይፈልግ ማን አለ? ቅድሚያ ደረጃ መውጣት ለማይችል ነው ሲባል፣ በሰፈሩ ጤነኛ ጉልበት ጠፋ። ልብስ ሰፊው ምስጋናው፣ ለጥምቀት ሲጨፍር መሬት የሚያስጨንቀው ሰውዬ፣ ከዘራ ያዘ።

የእውነት የታመመችው የብርጓል ናት። ጠላ ሻጭ ናት፤ ጉልበቷ ከታጠፈ ቶሎ አይዘረጋም። ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ጠላ ነው። ጠላ ቤት ደግሞ ፎቅ ላይ አይሆንም፤ ጠጪው መውጣቱን ቢወጣ መውረዱ አያምርም። ፕላኑን የምትሠራው ወጣት መሐንዲስ፣ ትሕትና፣ ይህን አይታ፣ «እናቴ፣ ለእርስዎ ታች ቤት ነው፤ ያውም የመንገዱ ማዕዘን» አለቻት። የብርጓል ያን ዕለት ለጠጪው ሁሉ በነፃ ቀዳች።

ነገሩ የተበላሸው ትሕትና የኔታ ገዳሙ ዘንድ የሄደች ቀን ነው።

የኔታ ሰማንያ ያለፋቸው፣ ጎንደር ድረስ ሄደው መጻሕፍት የተማሩ የቤተ ክርስቲያን መምህር ናቸው። ያለ ከዘራ አይራመዱም፤ ከደጃቸው ወጥተውም ስብሰባ አይሄዱም። አጥራቸው ከየብርጓል አጥር ጋር የተያያዘ ነው። የትሕትና አባት የእሳቸው ተማሪ ስለነበር፣ ልጅቷ ጉልበታቸውን ስማ አጠገባቸው ተቀመጠች። ስለ አባቷ፣ ስለ ድሮው ትምህርት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ብዙ አወሩ። የብርጓል ዝቅ ያለ ድምፅ አትወድም፤ ጆሮዋን አጥሩ ላይ ለጠፈች።

«ለመሆኑ የኔታ፣ እርስዎ ላይ ቤት ነዎት ታች ቤት?» አለች ትሕትና።

«እኔማ ላይ ቤት።»

«በዚህ ዕድሜዎ?»

«ዕድሜ ይለውጠዋል እንዴ ልጄ? ታች ቤት ሰፋ ይላል፤ ሰዉም ይወደዋል። መሠረቱ ግን ልል ነው። እኔ ላይ ቤት ነኝ፤ ላይ ቤት እንደሆንኩ እሞታለሁ።»

ትሕትና «እንግዲህ እንዳሉ» ብላ ጻፈች።

የብርጓል ጋኗን እንኳ ሳትከድን ነፊሳ ሱቅ ደረሰች።

«ልጅቷ ምስጢሩን ነገረቻቸው። አባቷን ያስተማሩ አይደሉ? አለዚያ በከዘራ የሚሄድ ሽማግሌ ፎቅ ይመርጣል?»

«ምን አሉ?»

«ታች ቤት መሠረቱ ልል ነው አሉ።»

ነፊሳ ስኳር መመዘኗን አላቆመችም። «መሠረቱ ከላላ ላይኛው ምን ላይ ሊቆም ነው? ደመና ላይ?»

«አንቺ ሰሙን ይዘሽ ነው። የኔታ እኮ ውሃ ስጡኝ ሲሉ እንኳ ወርቅ አለው። ልል ነው ማለታቸው፣ መንገዱ ሲሰፋ ታች ቤት ተመልሶ ይፈርሳል ማለታቸው ነው።»

«እኔ ውሃ ስጡኝ ሲሉኝ ውሃ ነው የምሰጣቸው» አለች ነፊሳ።

ወሬው ሳይመሽ ሰፈሩን ዞረ። «ሰፋ ይላል» ያሉት መንገዱን ነው ተባለ። «ሰዉም ይወደዋል» ያሉት የእኛን ቂልነት ነው ተባለ። ምስጋናው ግን በወሬ ብቻ አላምንም ብሎ ራሱ ሄዶ ጠየቃቸው።

«የኔታ፣ እውነት ታች ቤት አይሆንም?»

«ዕድሜ ልኬን ስናገር ኖሬ ዛሬ ነው የገባህ?» አሉት።

ምስጋናው ከዘራውን ጥሎ ቢሮ ድረስ ሮጠ። ጉልበቱ እንደዳነ ተናግሮ ላይ ቤት አስጻፈ። ሌላውም ተከተለው። ትሕትና መንገዱ አይሰፋም ብላ ብትምል ብትገዘት ማን ሰምቷት፤ «ይኸው መካዷ» ተባለ።

የብርጓል ግን አመነታች። ጉልበቷን እያሸች ጋኖቿን አየቻቸው። መጨረሻ ላይ፣ ጤነኛ ነኝ ብላ ሦስተኛ ፎቅ የተመደበላት ነፊሳ ዘንድ መጣች።

«ላይ ቤትሽን በታች ቤቴ ለውጪኝ።»

«ኧረ የብርጓል፣ ጉልበትሽስ?»

«ጉልበት ይታሻል። የፈረሰ ቤት አይታሽም።»

«ጠላውስ?»

«ጠጪ ጠላ ካለ ሰማይም ይወጣል።»

ነፊሳ እንድታስብበት አሳደረቻት። በማግሥቱም ቃሏ ያው ሆነ፤ ሁለቱም ቢሮ ሄደው ፈረሙ።

ቤቱ አልቆ ተገባበት። መንገዱ አልሰፋም። ነፊሳ የማዕዘኑ ሱቅ ውስጥ ናት። ምስጋናው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ የደንበኞቹን ጨርቅ በገመድ ይስባል። የየብርጓል ጋኖች ሦስተኛ ፎቅ ላይ በአፋቸው ተደፍተው ተቀምጠዋል፤ እሷ ነፊሳ በር ላይ ቆሎ ትሸጣለች።

የኔታ ደግሞ ቁልፍ በተሰጠ ቀን ደረጃው ሥር ቆመው ወደ ላይ አንጋጠጡ።

«ልጄ፣ ምን በድዬሽ ነው ሰማይ ላይ የምትሰቅይኝ?» አሏት ትሕትናን።

«ላይ ቤት ነኝ ብለውኝ ነው እኮ የኔታ።»

«እሱማ ነኝ፤ ጎንደር ካሉት ከላይ ቤትና ከታች ቤት ትርጓሜ፣ መጻሕፍቱን የተማርኩት በላይ ቤቱ ነው፤ ምነው፣ የጠየቅሽኝ ትምህርቴን አልነበረም?»